የማን ሳል ነው?

ግራጫ ነው መልኩ፣ የዳፈኑት አመድ፣
ጅራቱ ብቻ ፍም፣ ሳይጠፋ የሚነድ።

ጎረቤቴ ኦልጋ ጉልበቷ ሲከዳት፣
ልጆቿ ተማክረው መጦሪያ ሲያስገቧት፣
«ወፍ አይገባም» ብሎ ሕጉ ስለገታት፣
«ሳምንት ብቻ ያዝልኝ» አለችኝ በር ቆማ፤
ይኸው ስድስት ዓመት፣ ያቺ ሳምንት ረዝማ።

ስሙ ፔትሮ ይባላል፤ ሠላሳን አልፏል፣
ሌላ ሠላሳ ዓመት ሊኖር ይችላል።
እኔ ሃምሳ ስምንት፤ ደመርኩ፣ ቀነስኩና
ወረቀቱን አጠፍኩ፣ መልሱ አልጣመኝምና።

እሱ ከገባ ወዲህ ቤቴ ሌላ ሕግ አወጣ፤
የማይጣበቀው መጥበሻ ተጠቅልሎ ወጣ፣
ከልክ በላይ ሲግል፣ ሽታ የሌለው ጭሱ
ለኔ ምንም አይደል፣ ለሱ ግን ሞት ነው ለነፍሱ።
አቮካዶ ክልክል፤ ቸኮላት ክልክል፤
እህቴ የላከችው ባለ ሽቶ ሻማ፣ እሱም ክልክል።
ጥር ነው፣ ዊኒፔግ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት፤
ማሞቂያው አየሩን እንደ ቋንጣ ሲያደርቅበት፣
ለተሰነጠቀው ከንፈሬ ቅባት ሳልገዛለት
ለሱ የእርጥበት ማሽን ገዛሁ፣ ያውም ሁለት።

ማታ በአንድ ሰዓት ጎጆውን ጨርቅ አለብሳለሁ፣
ከዚያ አውቶቡስ ልጠግን ወደ ጋራዥ እሄዳለሁ።
ንጋት ላይ ስመለስ፣ እጄ ዘይት ዘይት ሲል፣
«እሺ» ይለኛል ከጨርቁ ሥር፣ ገና ምንም ሳልል።
«እሺ»ን የለቀመው ከኔ ነው፣ በስልክ ስናገር፣
ለአለቃዬ፣ ለባንኩ፣ ላላለቀው ብድር።
እሺ። እሺ። እሺ።
ይህን ያህል እሺ ባይ መሆኔን
ከወፍ አፍ ሰማሁት።

እሑድ እሑድ ግን የኦልጋን ቃል ያወጣል፦
«ሰርደንኮ»፣ በአሮጊት ድምፅ፣ በቀስታ።
በስልክ ጠየቅኳት፤ «የኔ ልብ ማለት ነው» አለች፣
ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ሰው ያላሰበውን ሲደግም «በቀቀን» ብለን እንሰድባለን።
እኔም ብዬ አውቃለሁ። አሁን አልልም።

በየካቲት አጋማሽ ጀመረ ማሳሉን፤
ደረቅ፣ አጭር፣ ከዚያ መጥረግ ጉሮሮውን።
ደነገጥኩ። ጎጆውን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ፣
መኪናዬን ግማሽ ሰዓት አስቀድሜ አሞቅኩ፣
ፖርቴጅ ጎዳና ላይ በበረዶ እየተንሸራተትኩ
ዶክተር ፔነር ዘንድ ደረስኩ።

መዘነችው፦ አራት መቶ ሰባ ግራም።
ራጅ አነሳችው፣ ወሰደች ከደሙም።
«ሳንባው ንጹሕ ነው» አለች። «ይህ ወፍ አልታመመም።»
ከዚያ ዝም ብላ ቆየች፤ ሲያስል ሰማችው፣
አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ወፍ ወፍን እንደሚያየው፦
«ይህ ሳል የማን ነው?»

እንጃ ልላት አፌን ስከፍት
አሳለኝ።

አንድ ሳል፣ ከሁለት ደረት። ጉሮሮ መጥረጉም ሳይቀር።
ረዳቷ ልትስቅ ብላ ተወችው።

ስንት ወር ሆኖኛል? አላውቅም።
ብቻውን የሚኖር ሰው ሳሉን አይሰማም፤
ሳል የሚሆነው ሌላ ጆሮ ሲገባ ነው።
እኔ ከቤት ስወጣ፣ እሱ በጨለማ፣
ከጨርቁ ሥር ተቀምጦ
ሲያጠናኝ ኖሯል።

ለሱ ምርመራ ስምንት መቶ ዶላር ከፈልኩ፣
ሳላቅማማ።
የኔው እዚህ አገር በነጻ ነው፤
በነጻው ነው ያልሄድኩት።

ዛሬ ማታ ጨርቁን ላለብሰው ስል
አንድ ዓይኑን አጥብቦ አየኝ፣
አሳለ፣
ቀጥሎም በገዛ ድምፄ «እሺ?» አለኝ።
እንዲህ እንደ ጥያቄ ብዬው አላውቅም።

ሰኞ በአራት ሰዓት ቀጠሮ አለኝ።
አለቃዬ ጋ ደውዬ አልገባም ብያለሁ።